ምሽጉን ለማጠር ምሽጉን ያፈረሱት

አርብ፦ ከባሕር ዳር መነሻ

እትዬ አንጓች ስልክ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የከባድ መኪና ጎማ እያወለቅሁ ስልኬ ሲጮህ የእሳቸውን ስም አይቼ፣ መዶሻውን ጣል አድርጌ "ማን ሞተ?" አልኳቸው።

"እስካሁን ማንም። ቤቴ ግን ሊሞት ነው" አሉኝ። "መጥተው ግድግዳዬን ቀይ ቀለም ቀብተውት ሄዱ። ከታችም ሰሌዳ ተክለዋል። አንተ ማንበብ ተማርኩ ብለህ ስትኮራ አልነበር? ና አንብብልኝ።"

እትዬ አንጓች የእናቴ እህት ናቸው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ደብረ ታቦር፣ ከድሮው ምሽግ ካብ ጋር ተጣብቃ በተሠራች የጭቃ ቤት። እኔ ዛሬ ባሕር ዳር ጎሚስታ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ የልጄ እኩዮች አጠገብ ተቀምጬ፣ እጄ ላይ የጎማ ጥቀርሻ እያለ። በልጅነቱ የተማረ ሰው ጽሑፍን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ዛገ ብሎን ፈትቼ ነው የማነበው። ለዚህም ይሆናል፣ የተጻፈ ነገር እውነት መሆን አለበት ብዬ ድርቅ የምለው።

ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ። ታሪፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩለት።

"አባባ፣ ታሪፉ ወረቀት ላይ ነው ያለው። መኪናው ግን መሬት ላይ ነው የሚሄደው" አለኝና በሩን ዘጋው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከፈልኩ። ንዴቴን ግን ይዤው ተሳፈርኩ።

ሐሙሲትን አልፈን ወረታ እስክንደርስ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። ፎገራ እኔ በልጅነቴ ሳውቀው ከብት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሜዳው ሁሉ ቢጫ እየሆነ የመጣ የሩዝ ማሳ ነው። ኬላው ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን። አንዲት እናት የልጇን መታወቂያ ይዛ መጥታ ኖሮ ረጅም ጊዜ አቆሟት፤ ረዳቱ እየሮጠ ሄዶ ሲለምንላት አየሁና በታሪፉ የያዝኩበትን ቂም ግማሹን ተውኩለት። አለም በር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ በላሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ብርዱ በመስኮቱ ይገባል፣ ባሕር ዛፉ ይበዛል፤ ከወደ ምሥራቅ ጉና ደመና ተከናንቦ ይታያል።

ደብረ ታቦር የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ሲታጠፍ ቢጫ ጀሪካን የደረደሩ ሴቶች አየሁ። ሰልፉ ጥጉ አይታይም።

"ምንድን ነው?" አልኩት ባለባጃጁን።

"ውሃ ነዋ! ዛሬ የእኛ ሰፈር ተራ ነው" አለኝ፣ ልክ ሠርግ እንዳለው ሰው ደስ ብሎት።

ይቺ ከተማ እኮ የጁዎቹ ራሶች አገሩን ሁሉ ያዘዙባት ናት። ጎንደር ላይ ንጉሥ ተብሎ የተቀመጠው ሰው ስሙን ይዞ ሲቀር፣ ሥልጣኑ እዚህ ተራራ ላይ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ንጉሥ፣ ያ ስሙን ልጅ አዋቂው ሁሉ የሚያውቀው፣ እዚሁ አቅራቢያ ጋፋት ላይ ፈረንጆችን ሰብስቦ መድፍ አስቀለጠ። ሲከፋው ደግሞ ከተማዋን በገዛ እጁ አቃጥሎ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተተ ወደ መቅደላ ሄደ። ከእሱ በኋላም ሌላ ንጉሥ ተቀምጦባታል። ዛሬ ነገሥታቱ የተቀመጡባት ከተማ ውሃ በፈረቃ ትጠጣለች፣ ሲደርሳት ደግሞ እልል ትላለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፎቅ አላት፣ ጥግ ጥጉን የድንች ጆንያ የሚጭኑ አይሱዙዎች አሏት። ስለ ምሽጉ የጠየቅሁት ወጣት ግን "የቱ ምሽግ?" ብሎ መለሰልኝ። የልጁ ቤት ከምሽጉ የሚርቀው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው።

እትዬ አንጓች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል "ከሳህ" አሉኝ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነው። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ።

ይህን ጓዳ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቤቱ ሦስት የጭቃ ግድግዳ ነው ያለው። አራተኛው ራሱ ምሽጉ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተነክሶ የተካበ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ካብ። ካቡ ከበስተላይ ያለውን አፈር ይዟል፤ የቤቱ አግዳሚ እንጨቶች ደግሞ ካቡ ውስጥ ገብተው እሱን ደግፈዋል። ድንጋዩ ከስንት ዘመን ጭስ ጠቁሮ እንደ ብረት ያበራል። ማማሰያውና ወንፊቱ የሚሰቀሉት በድንጋዮቹ መሃል በተሰካ እንጨት ላይ ነው። እዚያ ጥግ ነበር በልጅነቴ የምተኛው።

ቀይ ቀለሙ ከውጭ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ትልቅ የመስቀል ምልክት፣ ከሥሩ አንድ ቃል። ፈትቼ አነበብኩት።

"ምን ይላል?"

"ይፈርሳል ይላል።"

"እሱንማ ሳላነበውም አውቄው ነበር" አሉ እትዬ።

ቅዳሜ፦ ሰሌዳው

ጠዋት አብረን ወደ ቁልቁለቱ ወረድን። መጀመሪያ ያየሁት አጎራባቹን ቦታ ነው። እዚያ የአያ ተገኘ ቤት ነበር፣ እንደ እትዬ ቤት ከካቡ ጋር የተጣበቀ። አያ ተገኘ ሞቱ፤ ልጆቻቸው ካሳ ተቀብለው ሄዱ፤ ቤቱ "የጎብኚ እይታ ይጋርዳል" ተብሎ ግንቦት ላይ ፈረሰ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ደጋፊ ያጣው ካብ ከነአፈሩ ተንዶ ወረደ። የእትዬ ቤት ባለበት በኩል ግን አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ይህን ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ከታች፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ አዲስ አጥር ተጀምሯል። ወገብ የሚደርስ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጠጋ ብዬ ድንጋዩን ዳሰስኩት። አንደኛው ድንጋይ በአንድ ጎኑ በጭስ የጠቆረ ነበር። የአያ ተገኘ ጓዳ ድንጋይ! አጥሩን የሚሠሩት ከወደቀው ምሽግ እያጋዙ ነው። ምሽጉን ለማጠር ምሽጉን!

ከአጥሩ ራስጌ ሰሌዳው ቆሟል፣ በሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ጽሑፍ፦ "የጥንታዊ ምሽግ መከለያ አጥር። በዚህ ዓመት ተሠራ።" ከሥሩ የአስገንቢው ኮሚቴ ስም በትልልቁ። አጥሩ ገና ግማሽ አልደረሰም፤ ሰሌዳው ግን ጨርሶታል።

ከሰሌዳው አጠገብ የቆመው የአጥሩ ሥራ ኃላፊ ሙሉቀን የሚባል ወጣት ነው። ጫማው ጭቃ አልነካውም።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ" አለኝ።

"ጤናውንስ ይስጠን። ይሄ ለምንድን ነው?"

"ቅርሱን ለመከለል።"

"ከምን?"

"ከሰው ንክኪ።"

"ድንጋዩስ ከየት መጣ?"

ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። "ከወደቀው ነው። የቆመውን አልነካንም።"

"የወደቀው ለምን ወደቀ?"

"ዝናብ ነዋ ጋሼ።"

"ዝናብ ደብረ ታቦር የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው?"

 እትዬ አንጓች ከኋላዬ ብቅ ብለው "አንተ ልጅ የማን ልጅ ነህ?" አሉት። ተናገረ። አወቁት፤ አያቱን ያውቁ ኖሯል። "አያትህ እኮ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ለካቡ ደቦ ጠላ ይዛ ትመጣ ነበር። ዘንድሮ ደቦውን ማን ከለከለ?"

"እማማ፣ እሱ እኮ የሰው ንክኪ ስለሆነ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

የካቡ ደቦ ማለት ይህ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዝናብ ያላላውን ድንጋይ ይመልሳል፣ የበቀለውን ቁጥቋጦ ይነቅላል። ማንም ቅርስ ብሎ አላስተማረንም። ከዚህም ሌላ ግዝት አለ። ጥንት አንድ መምህር ከዚህ ካብ ድንጋይ የወሰደ ውጉዝ ይሁን ብለው ስለነበር፣ ለጉልቻ እንኳ ከዚያ የሚያነሳ የለም። ምሽጉን እስከ ዛሬ ያቆመው ደቦና ግዝት ነው። ኮሚቴው ደቦውን ከለከለ። ሠራተኞቹን ግዝቱንስ ማን አስረሳቸው?

ይህን የጠየቅሁት ካሴን ነው። ካሴ የእትዬ ጎረቤትና የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ እጁ የግንበኛ እጅ ነው።

"አያ መልኬ፣ ግዝቱ እኮ ለቤቱ ለሚወስድ ነው" አለኝ ዓይኔን ሳያይ። "አጥር ደግሞ ቤት አይደለም። በዚያ ላይ ለራሱ ለካቡ ነው ብለውናል።"

"ለካቡ ብላችሁ ከካቡ ላይ?"

"ኧረ ተወኝ! እኔስ መቼ እንቅልፍ ወሰደኝ? የቀን ሥራ ሆኖብኝ ነው። አጥሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ደግሞ በእትዬ ጓዳ ነው የሚያልፈው። በሚቀጥለው ሳምንት አፍርሱት ተብለናል።"

ካሴ የእትዬን ቤት ለማፍረስ የታዘዘው ሰው ነው። እትዬ ደግሞ የካሴን ልጆች ያዋለዱ ሴት ናቸው።

እሑድ፦ የኔታ

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይወጣ የኔታን ከበብናቸው። የኔታ የአብነት ትምህርት ቤቱ መምህር ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳል የማይለቃቸው፣ ሲቆጡም የሚያስቁ ሰው። ካሴ ባርኔጣውን ጨምድዶ የግዝቱን ነገር አነሳ።

"'ለቤቱ የወሰደ' ብሎ ማን ነገረህ?" አሉት የኔታ።

"እንዲያው... ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው የኔታ።"

"እኔ ከመምህሬ የሰማሁት 'ከቦታው ያወጣ' ነው። ለቤቱ የሚለውን እናንተ ናችሁ የጨመራችሁት። ድንጋይ የሚሰርቅ ቤት የሚሠራ ሰው ብቻ መስሏችሁ!"

አንዲት ሴት ከኋላ "ያዘዘውስ የኔታ?" አለች።

"ያዘዘው እጁ ድንጋይ አልነካም። ለዚህ አይደል ቢሮ የሚቀመጠው?"

ሰው ሳቀ። የቀን ሠራተኞቹ ግን አልሳቁም። አንደኛው እጁን ገልብጦ አየው።

"ግዝት መፍቻ አለው" አሉ የኔታ ሳላቸውን ውጠው። "የወጣው ይመለስ። ድንጋዩ ቦታው ሲገባ እኔ እፈታችኋለሁ። እስከዚያው ሰላምታዬን እንኳ አትጠብቁ።"

እትዬ አንጓች ሌላ ቃል አልጠበቁም። ለበዓል የጠመቁት ጠላ ነበራቸው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ነገ ደቦ አለብኝ" ብለው ለሁሉም ተናገሩ።

ሰኞ፦ ደቦ

ሰኞ ጠዋት ስወጣ ካሴና ሰዎቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። አጥሩን ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ይፈቱ ነበር። ሲሚንቶው ገና ስላልጠነከረ በመዶሻ ሲመቱት ይላቀቃል። ትንንሹ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ሽቅብ ሄደ፤ ትልልቁን በወሳንሳ ተሸከሙት። ሴቶቹ አፈሩን ዛቁ፤ የአብነት ተማሪዎቹ ጭንጫ አቀበሉ። የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ከላይ ቆመው "እሱ ድንጋይ ፊቱን አዙሯል፣ አዙረው! ደረቱን ወደ ውጭ!" ይላሉ።

ለሳምንታት በቀን ሥራ ያወረዱትን በጠላ አወጡት። እኔም ትከሻዬ እስኪላጥ ተሸከምኩ። ያ በጭስ የጠቆረው ድንጋይ ሲደርሰኝ ለማንም አልሰጠሁትም፤ ራሴ ወስጄ አስቀመጥኩት። የአያ ተገኘ ቤት በነበረበት ካሴ ካቡን ከሥሩ አስፍቶ፣ ወደ ላይ እያጠበበ ደገፍ ሠራለት።

ሙሉቀን የመጣው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። እየሮጠ ነው የመጣው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

"ይሄ በሕግ ያስጠይቃል! የመንግሥት ንብረት ነው ያፈረሳችሁት!"

"የቱ ነው የመንግሥት፣ የላዩ ወይስ የታቹ?" አሉት እትዬ። "ይልቅ ቁጭ በልና ጠጣ። ላብህን ጥረግ።"

ካሴ ዞር አለ። የኔታ ሳሉ። ልጁ ቆሞ ሁላችንን አየንና ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጠላውን ተቀበለ፣ ግማሹን ጠጣ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ሆኖ ተናገረ።

"እኔ የማላውቅ መሰላችሁ? የአያ ተገኘ ቤት ሲፈርስ ካቡ እንደሚወድቅ ተናግሬያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! የመጣው በጀት የአጥር ነው። የካብ ማደሻ የሚባል በጀት የለም። አጥር ተሠራ ብዬ ሪፖርት ካላደረግሁ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የእርስዎም ቤት እኮ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ አጥሩ በዚያ ስለሚያልፍ ነው።"

እትዬ ጠላውን ሞሉለት። ከዚያ "አጥር ሥራው ምንድን ነው?" አሉት።

"መከለል።"

"ይሄስ?" ካቡን በአገጫቸው አሳዩት።

"ይሄም... ይከልላል።"

"እንግዲያ አጥር በለው።"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቀጥሎ ሴቶቹ ሳቁ፤ የኔታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሙሉቀን ግን አልሳቀም። ካቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካው።

"በአጥሩ ዕቅድ ላለው ርዝመት ይደርሳል?" አለው ካሴን።

"ይተርፋል" አለ ካሴ።

"መሃል ላይ ያለው ቤትስ?"

"የአጥሩ ድጋፍ ነው በላ። ውሸት አይደለም።"

"ምሽግ ነው!" ብዬ ጮህኩ። መታገሥ አልቻልኩም። "ራሶች ያሠሩት፣ ንጉሥ ያቃጠለው፣ እኛ ያደግንበት ምሽግ ነው! እንዴት አጥር ትሉታላችሁ?"

"መልኬ፣ ዝም በል" አሉኝ እትዬ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሳቸው የሰማሁት በልጅነቴ ብቻ ነው። 

ረቡዕ፦ መመለስ

ማክሰኞ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ቀዩን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ አነሳው። ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ሁለት ሰዎች ሰማያዊውን ሰሌዳ ተሸክመው ሽቅብ ሲመጡ አየሁ። ከእትዬ በር ትንሽ ፈቀቅ ብለው ጉድጓድ ቆፈሩና ካቡ ፊት ተከሉት። ቃሉ ያው ነው፣ ማንም አልቀየረውም፦ አጥር፤ በዚህ ዓመት ተሠራ፤ ከሥሩ የኮሚቴው ስም። ደም ፍላት ያዘኝ። እጄን ሰድጄ ልነቅለው ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። እያንዳንዱን ቃል።

"ታዲያ ምን አናደደህ?"

"ውሸት ነው እትዬ! የተጻፈ ውሸት ነው! ስማችሁ የለ፣ የካሴ ስም የለ፣ የምሽጉ ዘመን የለ። ነገ ልጆች መጥተው ይህን ነው የሚያነቡት!"

"እኔ አላነብም" አሉ እትዬ አንጓች። "ጓዳዬ ገብቼ እጄን ስሰድ ካቡ አለ። ማማሰያዬ ቦታው ላይ ነው። እነሱ ቆርቆሯቸው ላይ የፈለጉትን ይጻፉ። አንተ ግን ከነቀልከው ተመልሰው የሚመጡት ወደ እኔ በር ነው።"

እጄን አወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ጆንያ ሙሉ ድንች አሸክመውኝ ወረድኩ።

በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ሌላ ነው፤ እሱም ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ፤ ግድግዳ ላይ ያለውን አላነበብኩለትም። ባሕር ዳር ደርሼ ሱቄን ስከፍት ደንበኛዬ "ጉዞ እንዴት ነበር?" አለኝ። ተሳደብኩ።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ፦ ማንበብ መቻል እውነትን ማወቅ አይደለም። ማንበብ ባልችል ኖሮ ረቡዕ ጠዋት ከእትዬ ጋር እየሳቅሁ እሰነባበት ነበር። ቤታቸው ተርፏል፤ ደስ ብሎኛል። ግን ቤት ለማትረፍ ምሽግ አጥር መባል ያለበት አገር ያናድደኛል፤ የካሴን እጅ አሠርቶ የራሱን ስም የሚጽፍ ኮሚቴ ያናድደኛል። ሰሌዳ ለመጻፍ ቆርቆሮ የለኝም፣ በጀትም የለኝም። ያለኝ በማታ ትምህርት የተማርኩት ፊደል ነው፤ እነሆ ጻፍኩበት።

ደብረ ታቦር የምትሄዱ ሰዎች፣ ሰማያዊውን ሰሌዳ አንብቡት። ከዚያ ዞር በሉና የእትዬ አንጓችን በር አንኳኩ። የመልኬ እንግዳ ነን በሏቸው፤ ያስገቧችኋል። ጓዳ ገብታችሁ ወንፊቱ በተሰቀለበት በኩል፣ የጠቆረውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት። ምሽጉ እሱ ነው።